ገንዘቡ በሰዓቱ ካልደረሰ፦ የኬንያ ምክር ቤቶች የበጀት ክርክርና የእኛ ጥያቄ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ ለተመራቂዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ "በመንግሥት በጀት ጉዳይ አንድ ነገር ቢያቀርቡልን" ሲለኝ ትንሽ አመነታሁ። በጀት የሚለውን ቃል ሲሰማ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። ቢሆንም ከእኛ መካከል በወረዳ ያገለገለ፣ በጤና ጣቢያ የሠራ፣ መንገድ የሠራና ክፍያ የጠበቀ፣ ወይም ዲን ሆኖ የሩብ ዓመት በጀት "ዛሬ ይለቀቃል፣ ነገ ይለቀቃል" እያለ ደጅ የጠና ሰው አይጠፋም። እሱ ሰው እንደማይተኛብኝ እርግጠኛ ነኝ።

የማወራችሁ ስለ ጎረቤታችን ስለ ኬንያ ነው። ለምን ኬንያ? ብትሉ፣ አንደኛ ጎረቤት ናት። ሞያሌ ላይ ድንበሩ ከተማውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ወዲህ ማዶ በአንድ ሕግ ይተዳደራል፣ ወዲያ ማዶ በሌላ። ሁለተኛ፣ ኬንያ ሥልጣንንና ገንዘብን ከማዕከል ወደ ታች ለማውረድ ስትል ከ2013 ጀምሮ በፓርላማዋ ውስጥ በአደባባይ ስትከራከር ኖራለች። (ዓመተ ምሕረቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህን ክርክር ከሩቅ የሚያይ ሰው "እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚስማሙት?" ይላል። እኔ ግን ዛሬ ለክርክሩ ጥብቅና ልቆምለት ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ቅድመ ሁኔታውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ ለክልሎች ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። እነሱ "ማጂምቦ" ይሉት ነበር። ክልሎቹን የሚወክል ሴኔትም ነበራት። ይህ አሠራር ግን ዕድሜ አላገኘም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የክልሎቹ ሥልጣን በማሻሻያ ላይ ማሻሻያ እየተደረገበት ተነሣ፤ በ1966 ሴኔቱ ራሱ ከታችኛው ምክር ቤት ጋር ተዋሐደና ስሙም ግብሩም ጠፋ። ብዙ ጫጫታ አልነበረም። ይህን "ብዙ ጫጫታ አልነበረም" የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

በዚያው ዘመን፣ በ1965፣ የኬንያ መንግሥት አንድ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሰነድ አወጣ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የነበራችሁ "ሴሽናል ፔፐር ቁጥር 10" ሲባል ሰምታችኋል። ሰነዱ ሐሳቡን አልደበቀም፤ የልማት ገንዘብ ቶሎ ትርፍ ወደሚሰጥበት አካባቢ ይሂድ ይላል፤ መሬቱ ለም፣ ዝናቡ በቂ፣ መንገዱና መብራቱ የተዘረጋ ወደሆነበት። በወረቀት ላይ ሲያዩት ምክንያታዊ ነው። በተግባር ግን ገንዘቡ ወደ መካከለኛው ደጋና ወደ ባቡር መስመሩ ሄደ፤ ሰሜኑ፣ ማለትም ማርሳቢት፣ ዋጂር፣ ማንዴራ፣ ቱርካና፣ ለአሥርታት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መንገድ ስለሌለው ገንዘብ አይሄድለትም፤ ገንዘብ ስለማይሄድለት መንገድ አይኖረውም።

ከዚያ የ2007ቱ ምርጫ መጣ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ መቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። መነሻው ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ፕሬዚዳንትነቱን ያገኘ ወገን ሁሉን ያገኛል፣ ያጣ ወገን ሁሉን ያጣል የሚል እምነት ነበር። ሁሉ ነገር ናይሮቢ ላይ ከተከማቸ ሰው ናይሮቢን ለመያዝ ይገዳደላል። በኦገስት 2010 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው አዲሱ ሕገ መንግሥት ለዚህ መልስ ሊሆን የተጻፈ ነው። አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች ከፈለ፤ እያንዳንዱ የራሱ የተመረጠ ገዥና ምክር ቤት ያለው። የመጀመሪያዎቹ ገዥዎች በማርች 2013 ተመረጡ።

ምን ወረደ? ምን ቀረ?

ወደ ካውንቲ የወረደው ሥራ ቀላል አይደለም። ከብሔራዊ ሪፈራል ሆስፒታሎች በስተቀር የጤና አገልግሎቱ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ግብርና፣ የካውንቲ መንገዶች፣ የመጠጥ ውኃ፣ የሕፃናት ትምህርት፣ ገበያና የንግድ ፈቃድ ወደ ካውንቲ ሄደ። ማዕከላዊው መንግሥት መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይን፣ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ትምህርትና ዋና ዋና መንገዶችን ይዞ ቀረ።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። የገቢ ግብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ጉምሩክና ኤክሳይስ የሚሰበሰበው በማዕከል ነው። ለካውንቲ የተተወው የቤትና የቦታ ግብር፣ የመዝናኛ ግብር፣ እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያ ነው። 47ቱ ካውንቲዎች ተደምረው በራሳቸው የሚሰበስቡት በ2023/24 የበጀት ዓመት ከ60 ቢሊዮን ሺሊንግ በታች ነበር፤ በዚያው ዓመት ከማዕከል የተመደበላቸው የጋራ ድርሻ ግን 385.4 ቢሊዮን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ነርሷን የሚቀጥረው ካውንቲው ነው፤ ደመወዟ የሚመጣው ግን ናይሮቢ ካለው ግምጃ ቤት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ሁለት መከላከያ አበጀ። አንደኛው ቁጥር ነው፤ ካውንቲዎቹ በማዕከል ከሚሰበሰበው ገቢ ከ15 በመቶ በታች ሊሰጣቸው አይችልም ይላል። ግን መቶኛው የሚሰላው በቅርቡ ኦዲት ተደርጎ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ባጸደቀው ሒሳብ ላይ ነው። ኦዲቱና ማጽደቁ በዓመታት ሲዘገይ፣ የዛሬው ድርሻ የሚለካው ገቢው ትንሽ በነበረበት በድሮው ዓመት ይሆናል። ስለዚህ 15 በመቶው ወለል እንጂ ትልቅ ዋስትና አልሆነም።

ሁለተኛው መከላከያ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ለእኔ የሚበልጠውም ይሄ ነው። ሴኔቱ ተመለሰ። 47 ሴናተሮች ከየካውንቲው ይመረጣሉ፤ ከእነሱ ሌላ 20 በሴቶች፣ በወጣቶችና በአካል ጉዳተኞች ስም ይገባሉ። ገቢን በማዕከልና በካውንቲዎች መካከል የሚያካፍለው ዓመታዊ ሕግ ብሔራዊ ምክር ቤቱና ሴኔቱ ሁለቱም ካልተስማሙበት አይወጣም። ካልተስማሙ ከሁለቱም ወገን እኩል አባላት ያሉት አስታራቂ ኮሚቴ ይቀመጣል። ኮሚቴው በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጽሑፍ ላይ ካልደረሰ፣ ወይም የደረሰበትን አንዱ ምክር ቤት ከጣለው፣ ረቂቁ ወደቀ ማለት ነው። እንደገና ከሀ ይጀመራል።

አራት ክርክሮች

የመጀመሪያው በመጀመሪያው ዓመት ነው የመጣው። በ2013 ብሔራዊ ምክር ቤቱ ለካውንቲዎች 210 ቢሊዮን ሺሊንግ ይበቃል አለ፤ ሴኔቱ ወደ 258 ቢሊዮን አሳደገው። ብሔራዊ ምክር ቤቱ የሴኔቱን ማሻሻያ ወደ ጎን ትቶ የራሱን ረቂቅ ለፕሬዚዳንቱ ላከ፤ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታም ፈረሙበት። ሴኔቱ ዝም ቢል ኖሮ የ1966ቱ ታሪክ በ2013 ይደገም ነበር። ዝም አላለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ የምክር አስተያየት ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 1 ቀን 2013 በሰጠው አስተያየት ሴኔቱ በዚህ ሕግ ላይ ድርሻ አለው፣ ሊታለፍ አይገባውም አለ። የዚያ ዓመት ገንዘብ አልተመለሰም፤ መንገዱ ግን ተከፈተ።

ሁለተኛው 2019 ነው። ብሔራዊ ምክር ቤቱ 310 ቢሊዮን፣ ሴኔቱ 335 ቢሊዮን። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ጁላይ ገባ፣ ስምምነት የለም። ኦገስት አለፈ፣ የለም። በሴፕቴምበር 316.5 ቢሊዮን ላይ ተስማሙ። እስከዚያ ግን ገንዘቡን የሚያካፍል ሕግ ስላልነበረ ካውንቲዎቹ የአዲሱን ዓመት ድርሻ ማግኘት አልቻሉም።

ሦስተኛው በ2020 ነበር፤ ከሁሉም የከረረው እሱ ነው። ይሄኛው ጠብ በማዕከልና በካውንቲ መካከል አልነበረም፤ በካውንቲዎች በራሳቸው መካከል ነው። ድርሻቸውን የሚያከፋፍለው ቀመር በየጊዜው ይከለሳል፤ የሚወስነው ሴኔቱ ነው። በመጀመሪያው ቀመር የሕዝብ ብዛት 45 በመቶ፣ ለሁሉም እኩል የሚሰጥ 25 በመቶ፣ ድህነት 20 በመቶ፣ የቆዳ ስፋት 8 በመቶ፣ የገንዘብ አያያዝ ጥንቃቄ 2 በመቶ ይመዝን ነበር። በ2020 ሕዝብ የበዛባቸው ካውንቲዎች "አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ሺሊንግ" አሉ። የሰሜንና የባሕር ጠረፍ ካውንቲዎች ደግሞ "ታዲያ የእኛ ርቀትስ?" አሉ።

የሁለቱንም እውነት ለማየት ሁለት ካውንቲ ላወዳድርላችሁ። ከናይሮቢ አጠገብ ያለው ኪያምቡ በ2019ኙ ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ስፋቱ ወደ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከእኛ ቦረና ጋር የሚዋሰነው ማርሳቢት ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሕዝብ ይዞ ስፋቱ ወደ 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የኪያምቡ ሰው "ሕመምተኛዬ ብዙ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው" ይላል፤ እውነት ነው። የማርሳቢት ሰው "እኔ ጋ ደግሞ ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ትጓዛለች" ይላል፤ እሱም እውነት ነው። እዚህ ላይ ሒሳብ ብቻውን አይፈርድም፤ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሴኔቱ ከአንዴም አሥር ጊዜ ሞክሮ ሳይወስን ቀረ። በኦገስት አጋማሽ ሦስት ሴናተሮች በፖሊስ ተያዙ፤ ባልደረቦቻቸው ድምፅ እንዳይሰጡ የተደረገ ጫና ነው ብለው ስብሰባውን አቋረጡት። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 17 ተስማሙ። አዲሱ ቀመር የሕዝብ ብዛትን ወደ 18 በመቶ አወረደው፤ ለጤና 17፣ ለእኩል ድርሻ 20፣ ለድህነት 14፣ ለግብርና 10፣ ለመንገድና ለቆዳ ስፋት 8፣ 8፣ ለከተማ አገልግሎት 5 በመቶ ሰጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለዚያ ዓመት በአሮጌው ቀመር እንዲሠራ ሆኖ፣ አዲሱ ሥራ ላይ ሲውል ማንም እንዳይጎዳ ጠቅላላ ድርሻው ከ316.5 ወደ 370 ቢሊዮን እንዲያድግ ቃል ተገባ። በሚቀጥለው ዓመትም 370 ሆነ።

አራተኛው የቅርቡ ነው። በ2024 ኬንያ በዕዳ ተወጥራ ነበር። ጠቅላላ የመንግሥት ዕዳዋ ከ10 ትሪሊዮን ሺሊንግ አልፏል፤ በ2014 የወሰደችው የ2 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ መክፈያው ደርሶ ነበርና እሱን ለመክፈል ወደ 10 በመቶ በሚጠጋ ወለድ ሌላ ተበደረች። መንግሥት ወደ 346 ቢሊዮን ሺሊንግ የሚያስገባ የግብር ረቂቅ አቀረበ። ወጣቱ ወጣ፤ ጁን 25 ሰልፈኞች ፓርላማው ውስጥ ገቡ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። እንግዲህ ገንዘቡ የለም። ከየት ይቀነስ? ለካውንቲዎች 400.1 ቢሊዮን በሕግ ተመድቦ ነበር፤ ወደ 380 ይውረድ የሚል ማሻሻያ መጣ። ብሔራዊ ምክር ቤቱ ተስማማ፤ ሴኔቱ አሻፈረኝ አለ። ወራት ፈጀ፤ በዓመቱ መጨረሻ 387.4 ቢሊዮን ላይ ተገናኙ።

ዋጋውን ማን ከፈለው?

"ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው" ይባላል። እነዚህ ሁሉ ወራት ሲያልፉ የሴናተሩም የምክር ቤት አባሉም ደመወዝ አልቆመም። ማዕከላዊው መንግሥት የበጀት ሕጉ ቢዘገይበት፣ ከዓመታዊ ወጪው እስከ ግማሽ ድረስ በብሔራዊ ምክር ቤቱ ፈቃድ እያወጣ እንዲቆይ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በር ትቶለታል። ካውንቲው ግን የማካፈያው ሕግ እስኪወጣ አንጋጦ ይጠብቃል።

ገንዘቡ ሲዘገይ ገዥው መጀመሪያ የሚያቆመው የአቅራቢውን ክፍያ ነው። መድኃኒት ያቀረበው፣ ጠጠር ያፈሰሰው፣ ለሆስፒታሉ ወተት ያመላለሰችው ሴት ሒሳባቸው "በሂደት ላይ ነው" ይባላል። በ2024 አጋማሽ የካውንቲዎች ያልተከፈለ ውዝፍ ከ150 ቢሊዮን ሺሊንግ በላይ ነበር። ሁሉም በክርክሩ የመጣ ነው አልልም፤ ያልታቀደ ግዥ አለበት፣ ሌብነትም አለበት። ግን አስቡት፤ ትንሽ ነጋዴ ከባንክ ተበድሮ ለመንግሥት ያቀርባል፣ መንግሥት አይከፍለውም፣ ባንኩ ግን ወለዱን ይቆጥራል። የአገር ኢኮኖሚ የሚጎዳው በትልልቁ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በእንዲህ ዓይነቷ የሱቅ መዘጋትም ነው።

የጤናውም እንዲሁ ነው። ከዲሴምበር 2016 እስከ ማርች 2017 የኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች 100 ቀን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዓመት ነርሶቹ ለወራት አቆሙ። የሐኪሞቹ ጥያቄ በ2013 የተፈረመላቸው ስምምነት ይፈጸም የሚል ነበር። ማዕከሉ "ቀጣሪያችሁ ካውንቲ ነው" አለ፤ ካውንቲው "የፈረመላችሁ ማዕከል ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ነው" አለ። ሥልጣኑ ወርዶ ገንዘቡና ኃላፊነቱ መሀል ሜዳ ሲቀር የሚሆነው ይሄ ነው። ሕመምተኛው ቀጣሪው ማን እንደሆነ ምኑ ነው?

ታዲያ ለምን ጥብቅና እቆማለሁ?

ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ 1966ን አስታውሱ። ያኔ "ብዙ ጫጫታ አልነበረም" ብያችሁ ነበር። ክልሎቹ ሥልጣናቸውን ሲነጠቁ የሚያስቆም አልተገኘም። ዛሬ ማዕከሉ ከካውንቲው አንድ ቢሊዮን ለመቀነስ ቢፈልግ ካሜራ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ሴኔቱን ማሳመን ይኖርበታል። በ2024 መንግሥት 20 ቢሊዮን ሊቀንስ ፈልጎ የተሳካለት 13 ቢሊዮን አይሞላም። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ዋናው ነገር ግን የቀነሰው ሳያስፈቅድ አለመቀነሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ክርክሩ መረጃ ያወጣል። ሴኔቱና ብሔራዊ ምክር ቤቱ ስለተጣሉ ነው አንድ ተራ የማርሳቢት ነዋሪ የካውንቲው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ በምን ቀመር እንደተሰላ የሚያውቀው። ይህን ካወቀ ደግሞ ቀጥሎ ገዥውን "የት አደረስከው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ "ሥልጣን ብቻ ሳይሆን ሌብነትም አብሮ ወረደ" ይባላል፣ ኬንያውያንም ራሳቸው ይህን ይቀልዱበታል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት የእኛ ብቻ አይደለም። እውነት ነው፤ በሙስና የተከሰሱ ገዥዎች አሉ፤ የኪያምቡ ገዥ በጃንዋሪ 2020፣ የናይሮቢው በዲሴምበር 2020 በሴኔቱ ውሳኔ ከሥልጣን ወርደዋል። ግን እዩት፤ ከናይሮቢ ሚኒስቴር ውስጥ የጠፋ ገንዘብ ለማንዴራ ሰው ወሬ ነው። ከካውንቲው የጠፋ ገንዘብ ግን ስም፣ ፎቅና መኪና አለው፤ ሰው ያየዋል። በደንብ የሠሩም አሉ። ማኩኤኒ ካውንቲ አንድ ቤተሰብ በዓመት 500 ሺሊንግ ከፍሎ በካውንቲው ሆስፒታሎች የሚታከምበትን አሠራር የጀመረው በዚሁ ሥልጣን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድህነት ነው። "አገሩ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለ ክፍፍል መጨቃጨቅ ቅንጦት ነው" የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። ሲሞላ ማንም ያካፍላል፤ ሕግ የሚያስፈልገው ሲጎድል ነው። በችግር ዘመን ማዕከሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው ሩቅ ያለውንና ድምፁ የማይሰማውን ነው፤ የ1965ቱ ሰነድ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ክፋት አስቦ ሳይሆን "ቁጠባ" ብሎ። የጉድለቱ ሸክም እንዴት ይከፈል የሚለውን ሩቅ ያለው ሰው ተወካይ በሌለበት መወሰን አይገባም።

አሁን ቅድመ ሁኔታዬን ልናገር። ክርክር መቋጫ ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ካለፈም ሸክሙ በተከራካሪዎቹ ላይ ይውደቅ እንጂ በነርሷ ላይ አይውደቅ። ሁለቱ ምክር ቤቶች ጁላይ 1 ካልተስማሙ፣ እስኪስማሙ ድረስ ያለፈው ዓመት ድርሻ በየወሩ ያለ ክርክር ይለቀቅ። ያለፈውን ዓመት ድርሻ በከፊልም ቢሆን መነሻ የማድረግ ሐሳብ በኬንያም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተነጋግረውበታል። እንዲህ ሲሆን ማዕከሉ በማዘግየት ካውንቲውን ማንበርከክ አይችልም፤ ሴኔቱም የነርሷን ደመወዝ መያዣ አድርጎ መከራከር አያስፈልገውም። ሁለቱ ምክር ቤቶች እየተማሩ መምጣታቸውንም ልመስክር። በ2025 ብሔራዊ ምክር ቤቱ 405.1፣ ሴኔቱ 465 ቢሊዮን ብለው ጀምረው በጁን ወር 415 ላይ ተስማሙ፤ የበጀት ዓመቱ ሳይጀምር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛ አሠራር ከኬንያ ይለያል። የኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 የጋራ ገቢዎችን ክፍፍልና ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል፤ ዓመታዊውን የፌዴራል በጀት የሚያጸድቀው ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ቀመሩ አንድ ቤት፣ ጠቅላላ መጠኑ ሌላ ቤት ማለት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ መስጠት ጀመሩ፤ ስለዚህ ተመሳሳዩ ጥያቄ አንድ ደረጃ ወርዶ በክልልና በወረዳ መካከልም አለ።

የአንዱ አገር መድኃኒት ለሌላው ይታዘዝ አልልም። ግን ከኬንያ ሦስት ጥያቄ ተውሰን ብንጠይቅ አይጎዳንም። ለወረዳው የተመደበው ገንዘብ በዓመቱ መሀል ቢቀነስ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ቀመሩ ሲከለስ ተጠቃሚውም ተጎጂውም በአደባባይ ይነጋገሩበታል ወይ? ገንዘቡ ቢዘገይ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው፣ ያ ሰውስ የሚናገርለት አለው ወይ?

እነዚህን ለመመለስ የፓርላማ አባል መሆን አያስፈልግም። ክቡራን መምህራን፣ የድጎማ ቀመር ለስታትስቲክስ፣ ለኢኮኖሚክስና ለሕግ ተማሪ የሚሆን ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው፤ አንድ ተማሪ አንድ ወረዳ ይዞ ገንዘቡ በየሩብ ዓመቱ መቼ እንደተለቀቀ ቢመዘግብ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ግቢ ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ይኖረዋል። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ብዙዎቻችን በፋይናንስ ቢሮ፣ በኦዲት፣ በጤና፣ በምክር ቤት ሠርተናል፤ የምናውቀውን ይዘን መጥተን ክፍል ውስጥ ብንናገር ምን ይጎድልብናል? ማኅበራችን በየዓመቱ ሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት የክፍል ውስጥ ውይይት ቢያዘጋጅ የመጀመሪያውን ለማቅረብ እኔ ዛሬውኑ እመዘገባለሁ።

በባህላችን ክርክርን እንደ ጠብ፣ ዝምታን እንደ ጨዋነት የማየት ነገር አለ። በቤተሰብ ይሆናል። በሕዝብ ገንዘብ ላይ ግን ዝምታ ብዙ ጊዜ ሩቅ ያለው ሰው ድርሻ በጸጥታ ሲወሰድ የሚሰማ ድምፅ ነው። እንከራከር፤ በሕግ እንከራከር፤ ቀን ቆርጠን እንከራከር። ስንጨርስም ነርሷ ደመወዟን በወሩ መጨረሻ ያገኘች መሆኗን እናረጋግጥ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ መድረኩ የእናንተ ነው።